ከቦሩ ሜዳ እስከ አንቀጽ 34፦ የጋብቻ መብትና የሀገር ቃል

የሐይቅና የአምባሰል ወገኖቼ፣

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጋብቻ ነው፤ ስለ ድግሱና ስለ ጥሎሹ ግን አይደለም። ማን ከማን ጋር መጋባት እንደሚችል የሚወስነው መንግሥት ነው። ጥያቄዬ፣ ይህን ሲወስን ሀገሪቱ ለዜጎቿ የገባችውን ቃል መጠበቁ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ጉዳዩ በዓለም ላይ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ይሄዳል። እሱንም በቦታው አነሣዋለሁ፤ ሸፍኜ አላልፈውም። መነሻዬ ግን ወሎ ነው። ሕግ ያሰመረውን የጋብቻ መስመር ተሻግሮ ቤት መሥራት ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያስከፍልም፣ የዚህ አገር ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ከመሠረቱ እንጀምር። እዚሁ አጠገባችን ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስሙ የገነነው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ1262 ዓ.ም. ሰሎሞናዊ የሚባለውን ሥርወ መንግሥት የመለሰው ይኩኖ አምላክ በዚህ ገዳም ተምሯል። ያ ሥርወ መንግሥት የመግዛት መብቱን ያቆመው በክብረ ነገሥት ትረካ ላይ ነበር። ንግሥተ ሳባ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣች፤ ከንጉሥ ሰሎሞን ቀዳማዊ ምኒልክን ወለደች። ነገሩ በትረካ ብቻ አልቀረም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት፣ ዙፋኑ ከዚሁ የዘር ሐረግ እንደማይወጣ በአንቀጽ 2 ደንግጓል።

እስቲ ልብ በሉት። መንግሥት የራሱ መሠረት አድርጎ በሕገ መንግሥት የጻፈው ታሪክ፣ ፀሐይ ስታመልክ የነበረች የአንድ አገር ንግሥትና የእስራኤልን አምላክ የሚያመልክ የሌላ አገር ንጉሥ የወለዱትን ልጅ ታሪክ ነው። በዚሁ ትረካ ስም የሚገዛው መንግሥት ግን ለተገዢዎቹ የያዘው የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት፣ ክርስቲያን ካላመነ ሰው ጋር እንዳይጋባ ይከለክላል። በሸሪዓ በኩልም ሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ሴት ማግባት ይችላል፤ ሙስሊም ሴት ግን ሙስሊም ያልሆነ ወንድ አታገባም። ሁለቱም ሕጎች ለአማኞቻቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ እኔ ዛሬ በሃይማኖት ሕግ ላይ ልፈርድ አልመጣሁም። የሚያሳስበኝ የሃይማኖቱን መስመር መንግሥት የራሱ መስመር ሲያደርገው የሚመጣው ነገር ነው።

የመጣውን ደግሞ ወሎ አይቶታል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ክርስትናን እንዲቀበል አዘዙ። ከወሎ ገዢዎች አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁና ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሌሎች ግን አሻፈረን ብለው ከአመፁ መሪ ከሼህ ጦልሐ ጋር ተነሡ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ራስ ሚካኤል የዐፄ ምኒልክ 2ኛን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው፣ በኋላ ሀገሪቱን የገዙትን ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ሌላዋ ልጃቸው ወይዘሮ ስኂን፣ ደሴ ያለው የትምህርት ተቋም በስማቸው የሚጠራላቸው፣ የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው መነንን ወለዱ።

በእኚህ የአምባሰል ልጅ ሕይወት ላይ ጥቂት ልቆይ። እቴጌ መነን አስፋው ገና በልጅነታቸው ለአንድ የወሎ ባላባት ተዳሩ፤ ከዚያ ትዳር ሲወጡ ለሌላ፣ ከእሱም ሲወጡ ለራስ ልዑል ሰገድ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ደጃዝማች ተፈሪን አገቡ፤ ያም ጋብቻ የልጅ ኢያሱ እጅ ያለበት ነበር ይባላል። አራት ጋብቻ መሆኑ ነው። የመሳፍንቱ ልጅ ጋብቻ የእርቅ ውል ነበር፤ ሁለት ቤት ሲታረቅ ሴት ልጅ ትሰጣለች፤ ሲጣላ ትመለሳለች። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ፤ ከተከሰሱባቸው ነገሮችም አንዱ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ማግባታቸው ነበር። ልጃቸውን ሊያስመልሱ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ቶራ መስክ ላይ ድል ሲቀናቸው ከወደቁት የሸዋ መኳንንት አንዱ የመነን የቀድሞ ባል ራስ ልዑል ሰገድ ናቸው። ወዲያው ሰገሌ ላይ ንጉሡ ራሳቸው ተሸነፉ። የልጅ ልጃቸው ግን ከአሸናፊው ወገን ጋር ቆዩና በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እቴጌ ሆነው ዘውድ ጫኑ።

የአንድ ቤት ታሪክ ነው። አያት ዙፋን አጠገብ የቀረበው ሃይማኖቱን ለውጦ ነው፤ ልጁ ከዙፋን የወረደው ያንኑ ሃይማኖት ቀረበ ተብሎ ነው። የልጅ ልጅቱ እስከ ዙፋን የደረሰችው በጋብቻ ነው፤ በየመሐሉ ፈቃዷን የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ ግን ታሪኩ አይነግረንም። እቴጌ መነን በአዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት ማቋቋማቸውን ሳስብ፣ ያለ ዕድሜ መዳር ምን እንደሆነ ከሚያውቅ ሰው የመጣ ስጦታ ይመስለኛል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

መኳንንቱ እንዲህ ሲሆኑ ሕዝቡ ምን ሲያደርግ ነበር? እሱን እናንተ ለእኔ ብትነግሩኝ ይሻላል። የስም መዝገብ ብንገልጥ የአባት ስም ሰይድ፣ የልጅ ስም ገብሬ፤ የአባት ስም ተስፋዬ፣ የልጅ ስም አሕመድ እናገኛለን። ቅሬው፣ ማለትም የቀብር መረዳጃ ማኅበሩ፣ አንድ ነው፤ ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል። ሰርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይገዛል። አንዱን ቢስሚላሂ ብሎ የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ሌላውን በስመ አብ ብሎ የሚያርደው ክርስቲያን። ቢላዋው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ፣ ወጥ የምትሠራዋም ለየብቻ ናት፤ ጭፈራው ላይ ሲደርስ ግን ማን ከየትኛው ድስት እንደበላ የሚጠይቅ የለም። ይህን ሥርዓት ያወጣው ፓርላማ አልነበረም። ሰዎች አማች ሆነው መኖር ስለነበረባቸው ያበጁት ነው።

ይህን የምናገረው ወሎን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ውዳሴው የሚደብቀው ነገር አለ። ሁለት ሃይማኖት ያላቸው ሰዎች ሲጋቡ ብዙ ጊዜ አንዱ ሃይማኖቱን ይለውጣል፤ የሚለውጠውም ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። ኒካህ ከታሰረ ወይም በቤተ ክርስቲያን ከተፈጸመ በኋላ ወላጅ ቤት እንዳትደርስ የተባለች ልጅ፣ እናቷ ስትሞት ከለቅሶ ድንኳኑ ውጭ የቆመች ልጅ በየመንደሩ አለች። ተቻችሎ የመኖሩን ዋጋ ሁሉም እኩል አልከፈለም። መቻቻል ሌላው ሰው እንዲኖር መፍቀድ ነው፤ መብት ግን ከማንም ፈቃድ አይጠብቅም። ስለዚህ ከባህሉ ቀጥለን ሕጉን መጠየቅ አለብን።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለጋብቻ ሦስት በሮች ከፍቷል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። የመጀመሪያው በር ትልቅ ነገር ነበር፤ ሁለት ሰዎች ቄስም ሼህም ሳያስፈልጋቸው፣ ሃይማኖታቸውንም ሳይለውጡ እንዲጋቡ ያስችላል። በሩን አልፈው የሚገቡት ግን እኩል ሆነው አልነበረም። ሕጉ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አደረገ። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ብሎ በአንቀጽ 635 ጻፈ። መኖሪያውን የሚመርጠው፣ የጋራውን ሀብት የሚያስተዳድረው፣ የሚስቱን ውሎ የሚቆጣጠረው ባል ሆነ። በዚያን ጊዜ ይህ የጋብቻ ተፈጥሮ ነው፣ ያለዚህ ጋብቻ ጋብቻ አይሆንም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሌላ መሠረት አኖረ። የዘር ሐረግ ትረካው ቀርቷል። መግቢያው ሀገሪቱ የቆመችበትን ቃል ሲዘረዝር፣ የግለሰብና የሕዝብ መብቶች መከበርን፣ የጾታ እኩልነትን፣ በሃይማኖትና በባህል ልዩነት ሳይደረግ አብሮ መኖርን ይጠቅሳል። አንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያየ። አንቀጽ 34 ደግሞ ለጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንዶችና ሴቶች በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የማግባት መብት እንዳላቸው፣ ሲጋቡም፣ በትዳር ውስጥም፣ ሲፋቱም እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ነጻና ሙሉ ፈቃድ ከሌለም ጋብቻ የለም። ወሎ በድስትና በቅሬ ያበጀውን፣ ከዚያም አልፎ ወሎ ያላበጀውን የሴቷን ፈቃድና እኩልነት፣ ይህ አንቀጽ ጽፎታል።

ቃሉ ወደ ቤት እስኪገባ ግን ጊዜና ሙግት ጠይቋል። የባልን ራስነት የሚሽረው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የወጣው ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ለዚያም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አጥብቆ ታግሏል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 መጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ሆነ። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648፣ ዕድሜዋ 13 ያልሞላ ልጅን ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ሆና ለጋብቻ ያልደረሰችን ያገባ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

አንድ የፍርድ ጉዳይ በተለይ አስታውሱልኝ። በአዲስ አበባ የውርስ ክርክር የተነሣባቸው ሙስሊም እኅቶች በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት አንፈልግም አሉ። ፍርድ ቤቱ ተቃውሟቸውን ሳይቀበል ወሰነ፤ ይግባኙም ውድቅ እየሆነ እስከ መጨረሻው ሄደ። በ1996 ዓ.ም. ጉዳዩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲደርስ፣ ምክር ቤቱ በአንቀጽ 34 መሠረት ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ካልመጡ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ሊዳኛቸው አይችልም ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ሸሪዓው አልተነካም፤ ወዶ ለሚሄድ ሁሉ በሩ ክፍት ነው። የተወሰነው፣ አንድ ዜጋ በውልደቱ ምክንያት ብቻ ወደ አንድ በር እንደማይገፋ ነው።

አሁን አነሣዋለሁ ብዬ ቃል ወደ ገባሁበት ወደ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ልምጣ። አዳራሹ ዝም እንደሚል አውቃለሁ። ቢሆንም በጨዋነት እንነጋገርበት።

በሕጋችን ያለውን ልናገር። አንቀጽ 34 ወንዶችና ሴቶች ይላል፤ የቤተሰብ ሕጎቻችንም የሚያውቁት የወንድና የሴት ጋብቻን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ክልከላው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጀምሮ አለ። በ2001 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና አባቶች ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቀዋል። ሕገ መንግሥቱ ግን በዚህ ጉዳይ አልተሻሻለም።

ሌላው ዓለምስ? አሜሪካ ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጠሩ ብላ ነጻነቷን ያወጀች ሀገር ናት፤ ከዚያ በኋላም ባሪያ ትገዛ ነበር። የቨርጂኒያ ግዛት ሪቻርድ ላቪንግ የተባለ ነጭና ሚልድረድ የተባለች ጥቁር ሚስቱን በመጋባታቸው ብቻ ከመኝታቸው አስነሥታ አሰረች፤ 25 ዓመት ወደ ግዛቷ አብረው እንዳይመለሱም በየነች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያን ሕግ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በአምስት ለአራት ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በመላ ሀገሪቱ ፈቀደ። አራቱ የተለዩ ዳኞች ካነሧቸው ክርክሮች አንዱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን ያለበት ሕዝቡ እንጂ ዳኛ አይደለም የሚል ነበር። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን በነጭና በሌላ ዘር መካከል ጋብቻን ትከለክል ነበር። ነጻ ስትወጣ ማንም በምንም እንዳይገለል ብላ በ1996 እ.ኤ.አ. በጻፈችው ሕገ መንግሥት ጾታዊ ዝንባሌን ጭምር አካተተች፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ ፈቀደች። ዩጋንዳ በተቃራኒው በ2005 እ.ኤ.አ. የዚህን ጋብቻ ክልከላ በሕገ መንግሥቷ ጻፈች። አፍሪካ አንድ መልስ የላትም።

የእኔን አቋም ደብቄ ልሂድ ብል ንግግሩ ጎዶሎ ይሆናል። መታሰርና መጋባት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በመታሰሩ ላይ፣ ሁለት አዋቂዎች ተፈቃቅደው በቤታቸው ያደረጉትን፣ ሌላ ሰው ያልተጎዳበትን ነገር፣ መንግሥት በእስር መቅጣቱ የግል ሕይወትን ከሚያስከብረው ከአንቀጽ 26 ጋር አይስማማም ብዬ አምናለሁ። ኃጢአት ነው የሚል ሰው እምነቱን ሊይዝ ይችላል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ለኃጢአት ወህኒ አልሠራም።

በጋብቻው ላይ የሚነሡትን ምክንያቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ሃይማኖት ይከለክላል ይባላል፤ ነገር ግን የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የማያምንበትን ጋብቻ እንዲፈጽም አይጠየቅም። የምንነጋገረው ስለ ክብር መዝገብ ሹሙ በር ነው። ጋብቻ ለልጅ ነው ይባላል፤ ሕጋችን ግን ልጅ የማይወልዱ ሽማግሌዎችን አያግድም። ባህላችን አይደለም ይባላል፤ የሁለት ሃይማኖት ጋብቻም በፍትሐ ነገሥት ክልክል ነበር። ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው፦ ወንድና ሴት መሆን የጋብቻ ትርጉሙ ራሱ ነው የሚለው። ይህን እንደ ቀላል አላየውም፤ ሃይማኖትና ጾታ በሁሉም ነገር አንድ አይደሉም። ሆኖም የባል ራስነትም የጋብቻ ትርጉም ነው ተብሎ በሕግ ተጽፎ እንደነበር ከላይ አይተናል። ትርጉም የተባለው ነገር ሲመረመር አንዳንዱ ይጸናል፣ አንዳንዱ ልማድ ሆኖ ይገኛል። እኔ የእኩልነት ቃሉ ለእነዚህም ሰዎች ይደርሳል ከሚሉት ወገን ነኝ። ከእናንተ ብዙዎች እንደማትስማሙ አውቃለሁ።

ባንስማማም መንገዱ የታወቀ ነው። በእኛ ሀገር ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል ደግሞ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። እንዲህ ያለ መንገድ አንድ ትውልድ ሙሉ መነጋገርን ይጠይቃል፤ መነጋገር የሚቻለው ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በፍርሃት ዝም ካላለ ብቻ ነው።

ከዚህ ስትወጡ ሁላችንም የምንስማማበትን ሥራ ያዙ። 18 ያልሞላት ልጅ በሰፈራችሁ ልትዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ሆናችሁ አትሂዱ። ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ ትዳር ሲፈርስ ብዙ ጊዜ መብቷን የምታጣው ሴቷ ናት። ልጃችሁ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር ላግባ ቢል ሃይማኖት ሳያስለውጥ የሚያጋባ በር በሕግ እንዳለ ንገሩት፤ ከሁሉም በላይ ከለቅሶ ድንኳናችሁ አታስወጡት። እኔ ያነሣሁትን ከባድ ጉዳይ ስትከራከሩበት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ሰው የምናግድበት ምክንያት፣ እኛን ለማገድ ቢጠቀስብን የምንቀበለው ነው? በቦሩ ሜዳ የታዘዘው የወሎ ሕዝብ ይህን የመጠየቅ መብት ከማንም አይበደርም።

አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን ልስማ።